ሳይነጋገሩ መገበያየት

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ብዙ ስላስለፈለፈኝ የሌሎቹን መልስ ማሳጠር ግድ ሆኖብኛል፤ ቅር እንዳትሰኙ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማረች ሴት ይህን ሳትናገር ማለፍ አይሆንላትም።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ገበያ፣ በርበሬና ጨው እሸጣለሁ። ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። ድሮ የአክሱም ነጋዴዎች ጨው አስቀምጠው ዞር ሲሉ፣ የሀገሬው ሰው መጥቶ ወርቅ ያስቀምጥላቸው ነበር ይላል። አንድም ቃል ሳይነጋገሩ! እኔ ለአፍታ ዞር ብል ሚዛኔን ራሱ አላገኘውም። ደግሞ ለጨው ወርቅ የሚሰጥ ሞኝ አለ? እውነት ነው ወይስ የቲክቶክ ወሬ?»
ጨው ሻጭ፣ ከባሕር ዳር

ልጄ፣ ወሬው የቲክቶክ አይደለም። 1,500 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ያወራውም እንዳንተው ነጋዴ ነው።

ሰውየው ኮስማስ ይባላል። የእስክንድርያ ነጋዴ ነበር፤ ኋላ መነኮሰ። በ525 ገደማ አዱሊስ ነበር። አዱሊስ የአክሱም ወደብ ናት። ፍርስራሿ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ፣ ከምጽዋ በስተደቡብ፣ ዙላ አጠገብ ይገኛል። ያኔ ንጉሡ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ለመዝመት እየተሰናዳ ነበር። የኮስማስ ጆሮ ግን የነጋዴ ጆሮ ነው። ማን ምን ይሸጣል? ስንት ቀን ያስኬዳል? መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ይህን ይህን ለቃቅሞ ተመለሰ።

እንዲህ ይላል። የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ፣ በአገው ገዥ በኩል፣ ሳሱ ወደምትባል የወርቅ ሀገር ሰው ይልካል። ሌሎች ነጋዴዎችም አብረው ይወጣሉ፤ ሲደመሩ ከ500 ይበልጣሉ። የሚይዙት በሬ፣ ጨውና ብረት ነው። ሲደርሱ እሾህ ቆርጠው ትልቅ አጥር ያጥሩና እዚያው ይሰፍራሉ። በሬዎቹን ያርዳሉ። ሥጋውን እየቆራረጡ እሾሁ ላይ ያደርጉታል፤ ጨውና ብረቱንም እንዲሁ። ከዚያ የሀገሩ ሰው ወርቁን ይዞ ብቅ ይላል።

ወርቁ ምን ይመስላል መሰለህ? ኮስማስ ከግብጦ ፍሬ ጋር ነው ያመሳሰለው። የእስክንድርያ ሰው ለወገኖቹ የጻፈው ነገር ከጎጃም ሰው በላይ ለማን ይገባዋል? ግብጦ ያልቆረጠመ ማን አለ እዚህ? ስሙንም ታንካራስ ይሉታል ይላል።

ሰውየው በወደደው ሥጋ ወይም ጨው ላይ አንድ ሁለት ፍሬ ወርቅ ያስቀምጥና ራቅ ብሎ ይቆማል። ባለ ዕቃው ይመጣል። ከተስማማው ወርቁን ያነሳል፤ ያኛው ሥጋውን ይወስዳል። ካልተስማማው ወርቁን ሳይነካ ይተወዋል። ያኛው ተመልሶ ያየዋል። ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን አንስቶ ይሄዳል። ይኸው ያንተው «ትንሽ ጨምሪ እንጂ»፣ «ኧረ አያዋጣኝም» አይደል? አፍ የለውም እንጂ ክርክሩ ያው ነው።

ሌባስ? እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ጨዋነት ብቻ አይደለም። አንተን ቅዳሜ ገበያ የሚሰርቅህ ሰው ነገ ሌላ ጨው ሻጭ ያገኛል። የሳሱ ሰው ዛሬ ቢሰርቅ ግን የሚቀጥለው ጨው የሚመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ከመጣ። ነጋዴውም ቢያጭበረብር በሚቀጥለው ዙር ያን ሁሉ መንገድ ኳትኖ እሾህ አጥሮ ብቻውን ይቀመጣል። ደግሞም የታጠቁ ነበሩ። ኮስማስ እንደሚለው ትጥቁ ለገበያው ሳይሆን ለመንገዱ ነው። ወርቃቸውን ሊነጥቅ የሚያደባ ጎሳ ነበረባቸው።

ገበያው አምስት ቀን ያህል ይቆያል። ጉዞው ደርሶ መልስ ስድስት ወር ይፈጃል። ሲሄዱ በበሬዎቹ ምክንያት ቀስ ይላሉ። ሲመለሱ ይፈጥናሉ፤ ክረምቱ እንዳይደርስባቸው። የዓባይ ምንጮች በዚያ አካባቢ ናቸው፣ ዝናቡ ሲበረታ ወንዞቹ መንገድ ይዘጋሉ ይላል። እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። ሐምሌ ላይ ርብና ጉማራ ፎገራን ሲያጥለቀልቁት ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ኮስማስ ራሱ ሳሱን አልረገጣትም። የነገረው ሰው ግን እግሩ ጭቃ የነካው ነው።

ሳሱ የት ናት ለሚለው፣ ብዙ ተመራማሪዎች ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቤኒሻንጉልና ወደ ሱዳን ድንበር ይወስዷታል። እዚያ ዛሬም ወርቅ ይታጠባል። የአገው ገዥ የተባለውን ግን አንዱ ወደ ላስታ፣ ሌላው ወደ አዊ ይስበዋል። እኔ በዚህ አልገባም። ሁለቱም ጋ ዘመድ አለኝ።

«አንድም ቃል ሳይነጋገሩ» የሚለውን ግን ሙሉ በሙሉ አልውጠውም። ከኮስማስ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቀድሞ ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። የካርታጎ ነጋዴዎች በአፍሪካ ምዕራብ ዳርቻ ዕቃቸውን አሸዋው ላይ ይደረድሩና ወደ መርከባቸው ተመልሰው ጭስ ያጨሳሉ። ጭሱን ያየ ሰው መጥቶ ወርቅ አስቀምጦ ይርቃል። አንድ ዓይነት ታሪክ በአህጉሩ ሁለት ጫፍ ሲሰማ የአስተማሪ ጆሮ ይቆማል። ኮስማስ ምክንያቱን ሲናገር ቋንቋቸው ስለሚለያይና አስተርጓሚ እንደ ልብ ስለማይገኝ ነው ይላል። እንደ ልብ አይገኝም ማለት ጭራሽ የለም ማለት አይደለም።

እንግዲህ የኔን ሐሳብ ከፈለግህ፣ እሾሁን፣ የበሬዎቹን እርምጃና የክረምቱን ፍርሃት አምናለሁ። ዝምታው ግን ተጋኗል። አምስት ቀን ሙሉ ሰው ከሰው ፊት ለፊት ቆሞ በጣት እንኳ ሳይጠቋቆም? ዘጌ ወደብ ላይ ዶቃ የምትሸጥ ልጅ ከአንድ ጃፓናዊ ቱሪስት ጋር በካልኩሌተር ስትከራከር አይቻለሁ። የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። ሳቃቸው ግን ጀልባው ድረስ ይሰማ ነበር።

ለጨው ወርቅ የሚሰጥ ሞኝ አለ ወይ ማለትህስ! ጨው ሻጭ ሆነህ? ወርቅ አይበላም። ጨው የሌለበት ሀገር ግን ከብቱም ሰውም ይጎዳል። አያቴ የመጨረሻዋን አሞሌ ከምድጃው በላይ፣ ጭስ በሚያገኛት ቦታ ሰቅላ ነበር የምታኖራት፤ ክረምት እንዳያሟሟት። ልጅ ሆኜ በርጩማ ላይ ወጥቼ ልሼያት ተገርፌያለሁ። «ገንዘብ ይላሳል እንዴ!» ነበር ያለችኝ። ልክ ነበረች። አሞሌ ከአፋር የጨው ሜዳ፣ ከአርሆ፣ እየተቆረጠ፣ በግመልና በአህያ እየተጫነ፣ እጅ በእጅ እየዞረ እስከ ጎጃሙ ባሶ ገበያ ድረስ ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። 20ኛው መቶ ዘመን ሲገባም ገና ይሠራ ነበር። በ1520ዎቹ ሀገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ጨው ከሚቆረጥበት በራቀ ቁጥር እየተወደደ እንደሚሄድ ጽፏል።

ምዕራብ አፍሪካም ያው ነው። ሰሃራ መሃል ተጋዛ የምትባል የጨው መንደር ነበረች። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1352 ሲያልፍባት ቤቱም መስጊዱም ከጨው ድንጋይ የተሠራ፣ ጣራው የግመል ቆዳ ሆኖ አገኘው። ያ ጨው ወደ ደቡብ ሲወርድ ነው ወርቅ የሚያወጣው። ከዚያ በፊት በዚያ መንገድ ላይ የተቀመጠው የጋና መንግሥት ነበር። ከዛሬዪቱ ጋና ጋር አይምታታብህ፤ ይህኛው ሞሪታኒያና ማሊ ባሉበት የነበረ ነው። አል በክሪ የተባለ የአንዳሉስ ጸሐፊ በ1068 እንደጻፈው፣ ጨው የጫነ አህያ ሲገባ አንድ ዲናር ወርቅ ይቀረጣል፤ ጨው ሲወጣ ሁለት። ከማዕድኑ የሚወጣው ድብልብል ወርቅ የንጉሡ ነው። ዱቄቱ ለሕዝቡ ይተዋል። ለምን? ሰው ሁሉ ወርቅ ቢያከማች ወርቁ ይረክሳላ። የባንክ ገዥ መግለጫ አይመስልም?

«ለመምህርት። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መጣና ኢዛና ክርስቲያን የሆነው ለንግድ ጥቅም ነው ይለኛል። እኔ ያደግሁት ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥር ነው። ቡናዬን እሸጣለሁ፣ ሃይማኖት ግን አይሸጥም። ምን ብዬ ልመልስለት?»
አባት፣ ከዘጌ

የተከበሩ አባት፣ ልጅዎን አይቆጡት። ግማሹን ይዟል።

ንግዱ ታሪኩ ውስጥ አለ። አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን ብለን የምናከብረው ፍሬምናጦስ ከጢሮስ የመጣ ልጅ ነበር። በመርከብ ሲያልፉ የባሕሩ ዳር ሰዎች አብረውት የነበሩትን ገደሉ። እሱና ኤዴስዮስ ተርፈው ቤተ መንግሥት ገቡ። ሩፊኖስ የተባለው ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ፍሬምናጦስ ሥልጣን ሲያገኝ በመጀመሪያ የፈለገው በሀገሩ ያሉትን ክርስቲያን የሮም ነጋዴዎች ነው። የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያበጁ አገዛቸው። ስለዚህ ወንጌሉ ከሸቀጡ ጋር በአንድ መርከብ መጣ ቢባል ውሸት አይደለም። ኋላ እስክንድርያ ሄዶ ከከተማዋ ሊቀ ጳጳስ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ ተመለሰ።

ገንዘቡም ይመሰክራል። የኢዛና የቀድሞዎቹ ሳንቲሞች ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ አለ። የኋለኞቹ ላይ በዚያ ቦታ መስቀል ገባ። የድንጋይ ጽሑፉም እንዲሁ ተለወጠ። መጀመሪያ ራሱን «ወልደ ማሕረም፣ ዘኢይትመዋእ ለፀር» ይል ነበር፤ ጠላት የማያሸንፈው፣ ማሕረም የተባለው የጥንት አምላክ ልጅ። በኋላ «በኀይለ እግዚአ ሰማይ» ማለት ጀመረ። ወርቁ ሳንቲም ላይ ያለው ጽሑፍ ግሪክኛ ነው። የባሕር ማዶ ነጋዴ እንዲያነበው መሆኑ ግልጽ ነው። መስቀሉንም አብሮ አይቶታል።

አሁን ልጅዎን ይህን ይጠይቁልኝ። በ356 ገደማ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ። እሱና አትናቴዎስ በሃይማኖት ተጣልተዋል። «ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ መልሱት፣ አዲሱ ጳጳስ ይመርምረው» አላቸው። የአዱሊስ ትልቁ ደንበኛ ማን ነበር? ሮም። ነገሩ ጥቅም ብቻ ቢሆን ኖሮ ኢዛና ሰውየውን በማግስቱ መርከብ ላይ በጫነው ነበር። የኛ ቤተ ክርስቲያን ግን እስከ ዛሬ የአትናቴዎስን ወገን ይዛ፣ ፍሬምናጦስን አባቴ እያለች ትኖራለች። ልጁ ለዚህ መልስ ካለው ይጻፍልኝ። ከዘጌ ቡና ጋር ቢልከው ደግሞ አልጠላም።

«የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለችው የኢትዮጵያ ንግሥት ህንደኬ የኛ ናት? የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሬና የታሪክ መምህሬ አልተስማሙም።»
ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

ልጄ፣ ህንደኬ የአንዲት ሴት ስም አይደለም። ካንዳኬ የኩሽ ንግሥቶች ማዕረግ ነው፤ እኛ እቴጌ እንደምንለው። መናገሻቸው ሜሮዌ ነበረች። ከካርቱም በስተሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የጥንት ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሀገር በሙሉ ኢትዮጵያ ይሉ ስለነበር ነው መጽሐፉ እንዲያ ያላት። ስለዚህ የታሪክ መምህርህ ቦታውን አልሳተም። የሰንበት መምህርህን ግን አታስቀይም። ያ ጃንደረባ ኢሳይያስን እያነበበ የተጠመቀበት ታሪክ የእምነታችን አካል ሆኗል።

አንድ ነገር ልብ በል። ሰውየው በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ነው ይላል መጽሐፉ። ተራ ገንዘብ አልነበረም። ሜሮዌ ከፒራሚዶቿ ሌላ የብረት አር ክምር አለባት፤ ብረት ያቀልጡ ነበር። አንበሳ ራስ ያለውን አፔደማክ የተባለ አምላክ ያመልኩ ነበር። ከካንዳኬዎቹ አንዷ አማኒሬናስ ከሮም ጋር ተዋግታለች። የአውግስጦስን የነሐስ ሐውልት ራስ ቆርጠው አምጥተው ቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር ቀበሩት፤ የገባ የወጣው ሁሉ እንዲረግጠው። በ1910 ተቆፍሮ ወጣ። አሁን ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው። ፊቱ ምንም አልሆነም፤ አሸዋው ጠበቀው።

የኛ ናት ወይ ላልከው፣ ከጣና የሚወጣው ዓባይ ካርቱም ላይ ከነጭ አባይ ጋር ገጥሞ በሜሮዌ አጠገብ ያልፋል። ኢዛናም እስከዚያ ድረስ ዘምቷል። ጎረቤት ናት በል።

«አሰላሙ አለይኩም እትዬ። ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። እስልምና ምዕራብ አፍሪካ የገባው በጦር ነው ወይስ በንግድ?»
ከባሕር ዳር

ወአለይኩም ሰላም። በጋና በኩል ካየነው ግመሉ ሰይፉን ቀድሞታል። አል በክሪ ሁለት ከተማ ይስልልናል። አንደኛው የሙስሊም ነጋዴዎች ነው፤ 12 መስጊድ አለው። ሌላው ስድስት ማይል ርቆ የንጉሡ ነው፤ ዙሪያውን የአባቶቹ እምነት የሚፈጸምበት ጫካ አለ። ንጉሡ አልሰለመም። ግን አስተርጓሚዎቹ፣ ግምጃ ቤት ኃላፊውና አብዛኞቹ ሹሞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ሂሳብ መጻፍ የሚችለው ማን ሆነና!

የምወዳት ዝርዝር አለች። የንጉሡ ሃይማኖት ተከታይ ፊቱ ሲቀርብ ተንበርክኮ ራሱ ላይ አፈር ይነሰንሳል። ሙስሊሙ ግን በጭብጨባ ብቻ ሰላምታ ይሰጣል። ንጉሡም ይቀበለዋል። ከዚያ በኋላ የመጣችው ማሊ ነገሥታቷ ራሳቸው ሙስሊም ሆኑ። የማሊው ንጉሥ ማንሳ ሙሳ በ1324 ለሐጅ ሲሄድ ካይሮ ላይ ወርቅ ስለበተነ የወርቅ ዋጋ ወደቀ። አል ዑመሪ የተባለ ጸሐፊ ከ12 ዓመት በኋላ ሲጠይቅ ገና አላገገመም ነበር። ደንበኛ እንዲህ ያለውን ይስጥዎት ልበል ወይስ ይሰውርዎት?

«እኔ ነገደ ወይጦ ነኝ። ከደንገል ታንኳ እሠራለሁ፤ አባቴም አያቴም ይሠሩ ነበር። እርስዎ ሁልጊዜ ስለ ንጉሥና ስለ ወርቅ ይጽፋሉ። እንደኛ ያለው ሰው በነዚያ መንግሥታት ውስጥ የት ነበር?»
ከጣና ዳር

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልክ ነህ።

በአንደኛው መቶ ዘመን የተጻፈ የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መመሪያ አለ። ከአዱሊስ አክሱም ስምንት ቀን እንደሚያስኬድ ይናገራል። የዝሆን ጥርሱ ሁሉ ከዓባይ ማዶ ተነስቶ በአክሱም በኩል ወደ ባሕር እንደሚወርድ ይናገራል። የንጉሡንም ስም ይጠራል፤ ዞስካሌስ፣ ግሪክኛ ያነባል፣ ገንዘብ ላይ ግን ቆጣቢ ነው ይለዋል። ዝሆኑን የገደለው ማን ነው? ጥርሱን ተሸክሞ ወንዝ የተሻገረውስ? ስም የለም። ኢዛና ቤጃዎችን አሸንፎ ወደ ሌላ ቦታ ሲያሰፍር 4,400 ሰው ብሎ ቆጥሯል። በመንገድ የበሉት ዳቦና የጠጡት መጠጥ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። የሰዎቹ ስም አልተቀረጸም። በቀይ ባሕር ገበያ ከሸቀጡ መሃል ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባኝም።

ለእጅህ የምትሆን አንዲት ነገር ግን አለችኝ። ፕሮኮፒዮስ የተባለ የ6ኛው መቶ ዘመን ጸሐፊ በካሌብ ጊዜ በዚያ ባሕር ስለሚሄዱት መርከቦች ሲናገር፣ ሳንቃዎቻቸው በሚስማር የተመቱ አይደሉም፣ በገመድ የተሰፉ ናቸው ይላል። ዝፍትም አይቀቡም። ብዙ ሰው ባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ ስላለ ነው ይል ነበር። ፕሮኮፒዮስ ራሱ ይህ ወሬ ነው፣ የሮም መርከቦች ብረት ይዘው በሰላም ያልፋሉ ብሎ ይመልስላቸዋል። ያን ገመድ የገመደና መርፌውን የወጋ ሰው ነበረ። የንጉሡ ጦር የመን የደረሰው እሱ ባጠበቀው ቋጠሮ ነው።

አንተም ታንኳህን ያለ አንዲት ሚስማር ታስራለህ። ቅዳሜ ጠዋት ዳሩ ላይ አለሁ፤ ጉልበቴ ከፈቀደ። ደብተር ይዤ እመጣለሁ። ማሰሪያውን፣ ቋጠሮውን፣ ደንገሉ የሚታጨድበትን ወር፣ አባትህና አያትህ ምን ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ንገረኝ። የሁለቱንም ስም አብሬ እጽፋለሁ።